ስለ ትዕይንት ማየትና ስለ ልብ አጠባበቅ

በከተማ የሚኖር ሰው፥ ይልቁንም ተማሪ የሆነ፥ አዘውትሮ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ይህን ፊልም ባይ፥ ይህን ዘፈን ብሰማ፥ በዚህ ቀልድ ብስቅ ምን ክፋት አለው? የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ልቡ ገና አልደነደነምና። ነገር ግን በአደባባይ የሚሰጡት ምላሾች ሁለት ናቸው፥ ሁለቱም ደካሞች ናቸው። አንዱ፦ ሰው ሁሉ ያየው የለም ወይ? ይላል። ሁለተኛው፦ በአባቶቻችን ዘመን ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ማን ያሳይ ነበር? ይላል። ፊተኛው በዛሬ ሰው ይለካል፤ ኋለኛውም በትናንት ሰው ይለካል። ሁለቱም የገዛ ልባቸውን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥተው ይቀመጣሉ።

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ሥዕል በግድግዳ ላይ ሲሮጥ አይቶ ደነገጠ፤ የሚታይበትንም ቤት የሰይጣን ቤት አለው። ዛሬ ያው የሚንቀሳቀስ ሥዕል በሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ አለ፤ ሰይጣን ነው የሚለው ግን የለም። ያ ፍርሃት ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ? ካለማወቅ መጥቶ ነበርና በመልመድ ሄደ። እንዲህ መሆኑ አያሳዝንም፤ መስተዋትና መብራት ኀጢአት የለባቸውምና። ዳሩ ግን መልመድ የሚያስወጣው ከንቱ ፍርሃትን ብቻ አይደለም፤ የሚገባውንም ኀፍረት አብሮ ያስወጣል፥ ሲያስወጣውም ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር እንዳላስደነገጠው ባየ ጊዜ፥ ነገሩ ንጹሕ ስለ ሆነ ነውን ወይስ እኔ ስለ ለመድሁት ነው? ብሎ ራሱን መመርመር ይገባዋል።

የሕዝብ መለኪያ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚፈርስ ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታየው በአሜሪካ ሲኒማ ታሪክ ነው። ከዚያ አገር የወጣው ፊልም ዓለምን ሁሉ ስለ ዞረ፥ በእኛም ከተማ አዳራሾች ስለ ታየ፥ ታሪኩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ያድርግ።

በ1915 የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ፊልም ማሳየት ንግድ ብቻ ነው እንጂ እንደ ጋዜጣ የመናገር ነጻነት የሚገባው ነገር አይደለም ብሎ ፈረደ። በየግዛቱና በየከተማውም የቆሙ መርማሪዎች ፊልሙን እየቈረጡ ያሳልፉ ነበር። አንዱ ግዛት የፈቀደውን ሌላው ስለሚከለክል ለነጋዴዎቹ ኪሳራ ሆነባቸው። በ1922 ቀድሞ የፖስታ ሚኒስትር የነበረውን፥ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ የነበረውን ዊል ሄይስን የማኅበራቸው አለቃ አድርገው ሾሙ። የተከበረ ሰው በደጃፍ ቢቆም መንግሥት ወደ ውስጥ አይገባም ብለው ነው። በ1927 ፈጽሞ የማይታዩ 11 ነገሮች፥ በጥንቃቄ የሚታዩም 25 ነገሮች ተቈጥረው ተጻፉ። በ1930 ደግሞ ማርቲን ኲግሊ የሚባል የጋዜጣ ባለቤትና ዳንኤል ሎርድ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ያዘጋጁት ሰፊ ሕግ ጸደቀ። የሕጉ ፍሬ ነገር፥ ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ ከገባው ይልቅ ዝቅ ያለ ሰው እንዳይሆን፥ ልቡም ከክፉ አድራጊው ጋር እንዳይወግን የሚል ነበር። እንዲህ ያለውን አሳብ የሚነቅፍ ማን ነው?

ሕጉ ተጻፈ፤ ነገር ግን አራት ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ተኛ። አሜሪካ በዚያን ጊዜ በታላቅ የገንዘብ ችግር ተይዛ ነበር፥ ሥራ ያጣው ሕዝብ ወደ ሲኒማ መሄዱን ቀነሰ፥ ነጋዴዎቹም ወንበሩን ይሞላል ያሉትን ሁሉ አሳዩ። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ፊልሞች በአንዱ ላይ ጥቂት ልንቆይ ይገባናል፤ ለክርስቲያን አንባቢ የተለየ ትምህርት አለበትና። በ1932 ሴሲል ዴሚል የሚባለው የታወቀ ፊልም ሠሪ «የመስቀሉ ምልክት» የሚል ፊልም አወጣ። ታሪኩ በኔሮን ዘመን በሮማ ስለ ተገደሉ ክርስቲያኖች ነው። ስሙን የሰማ ሰው ስብከት ሊሰማ የሚሄድ ይመስለዋል። ወደ ውስጥ የገባው ግን ንግሥቲቱ በወተት ስትታጠብ፥ በግብዣ ቤት ዘፋኝዋ ክርስቲያኒቱን ልጅ በዘፈንዋ ልታስት ስትሞክር፥ በአደባባዩም የሰው ደም ሲፈስ ያያል። በመጨረሻ ሰማዕታቱ እየዘመሩ ወደ ሞት ሲሄዱ ተመልካቹ ያዝናል፥ ምናልባትም ያለቅሳል፥ በንጹሕ ኅሊና ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ የከፈለው ገንዘብ ለየትኛው ነው? ለሰማዕታቱ ነውን ወይስ ለወተቱ? ነጋዴው ምላሹን ያውቅ ነበር። ሕጉ ከጠነከረ በኋላ ያው ፊልም በ1944 እንደ ገና ሲወጣ የተነቀፈበት ክፍል ተቈርጦ ነው የታየው።

ይህን የምነግርህ የሞተ ሰው ሥራ ለመንቀፍ አይደለም። በዘመናችንም አመንዝራው በመጨረሻ ሲታመም፥ ሌባው በመጨረሻ ሲታሰር የሚያሳይ ድራማ ሁሉ አስተማሪ ነው ይባላልና ነው። ሰው አርባ ክፍል ሙሉ በአመንዝራው ጮማና ልብስ ሲቀና ከርሞ፥ በአርባ አንደኛው ክፍል በሽታውን ቢያይ የትኛው በልቡ ይቀራል? ይህን እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ይወቅ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1933 የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ስለ ፊልም ንጽሕና የሚቆም ማኅበር አቆሙ፤ በ1934 ሚሊዮን በሚቈጠር ሰው ዘንድ ክፉ ፊልም አላይም የሚል ቃል ኪዳን ተፈረመ። የፊላዴልፊያው ካርዲናል ዶኸርቲ ከዚያም አልፎ ምእመናኑ ወደ ማናቸውም ሲኒማ ቤት እንዳይገቡ አዘዘ። ነጋዴዎቹ የወንበሩን ባዶነት ባዩ ጊዜ ሕጉን ከተኛበት ቀሰቀሱት። ጆሴፍ ብሪን የሚባል ጥብቅ ሰው በመርማሪነት ተሾመ፤ የእርሱን ማኅተም ያላገኘ ፊልም በትልልቆቹ አዳራሾች እንዳይታይ፥ ይህን የተላለፈም 25,000 ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። ልብ አድርግ፤ ኀይል ያገኘው ሕግ የተጻፈው ቃል አልነበረም፤ ቃሉ ከ1930 ጀምሮ ያው ነበር። ኀይል የሰጠው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ በቤቱ የተቀመጠው ሰው ነው።

እንግዲህ ሕጉ በርትቶ በነበረበት ዘመን ሁሉ ነገር ቀና ነበርን? አረጋውያን እንዲህ ያስባሉ፤ የዚያን ዘመን ፊልምም ያለ ኀፍረት ከልጆች ጋር የሚታይ ስለ ሆነ አሳባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የሚቀጥለውን ነገር ተመልከት።

በ1939 በማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ መነሻነት ታላቅ ፊልም ተሠራ። መጽሐፉን ብዙ የአገራችን አንባቢዎች ያውቁታል፤ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፎ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጐመው ነውና። በፊልሙ መጨረሻ ባል ሚስቱን ትቶ ሲሄድ የሚናገራት አንዲት የስድብ ቃል ነበረች። ስለዚህች ቃል ብዙ ክርክር ሆነ፥ ደብዳቤ ተጻጻፉ፥ በመጨረሻም በኅዳር ወር ሕጉ ራሱ ተሻሽሎ ቃሉ ተፈቀደ። በታኅሣሥ ወር ፊልሙ በአትላንታ ከተማ በታላቅ በዓል ሲመረቅ፥ በዚያው ፊልም የቤት አገልጋይ ሆና የተጫወተችው ሐቲ ማክዳንኤል ጥቁር ስለ ሆነች በምርቃቱ እንድትገኝ አልተፈቀደላትም። በየካቲት 1940 በጥበብዋ ታላቁን የኦስካር ሽልማት አገኘች፤ ጥቁር ሰው ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያዪቱ እርስዋ ናት። በሽልማቱም ሌሊት ከሥራ ባልደረቦችዋ ማዕድ ተለይታ በግድግዳ አጠገብ በሌላ ጠረጴዛ ተቀመጠች። አንዲት የስድብ ቃል ሕዝብን ታረክሳለች ብለው ወራት የተከራከሩት ሰዎች ስለዚህ ነገር የጻፉት አንቀጽ አልነበረም። ይልቁንም የነጭና የጥቁር ሰው የፍቅር ግንኙነት በፊልም እንዳይታይ ሕጋቸው በግልጥ ይከለክል ነበር፤ ይህም ክልከላ የተነሣው በ1956 ነው። ወንጌል ስለ ትንኝና ስለ ግመል የተናገረውን አንባቢ ያስታውሳል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ድሮ መልካም ነበር ብለህ ትናንትን መለኪያ አታድርግ። ያ ሕግ ብዙ ክፉ ነገር ከለከለ፤ ነገር ግን ሰውን በቆዳው መናቅን ከክፉ ነገር አልቈጠረውም፤ ጻፊዎቹም ሸማቾቹም ለምደውት ነበርና።

የወደቀበት መንገድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፥ አዳራሾችም እንደ ገና ባዶ መሆን ጀመሩ። በ1952 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የ1915ቱን ፍርድ ሽሮ ፊልምም የመናገር ነጻነት ይገባዋል አለ። በ1953 አንድ ፊልም ያለ ማኅተም ወጥቶ ብዙ ገንዘብ አተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅተሙን የሚፈራ ጥቂት ሆነ። በ1968 ሕጉ ፈጽሞ ተሻረና በምትኩ በፊደል ምልክት የማድረግ ሥርዐት ቆመ፤ አንዱ ፊደል ለሁሉ፥ አንዱ ለበሰሉ፥ አንዱ ልጅ ያለ ታላቅ ሰው የማይገባበት፥ አንዱም ልጅ ፈጽሞ የማይገባበት። አዲሱ ሥርዐት ይህን አሳይ ይህን አታሳይ አይልም፤ ውስጡ ያለውን ለወላጆች ይናገራል እንጂ።

ይህም መለኪያ ቢሆን በቦታው አልቆመም። በ1969 በኒው ዮርክ ስለ ተንከራተቱ ሁለት ጐስቋሎች የሚናገር «የእኩለ ሌሊት ካውቦይ» የሚባል ፊልም ወጣ፤ ከፊደሎቹ ሁሉ የከፋው፥ ልጅ የማይገባበት ፊደል ተሰጠው። በ1970 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ተሸለመ። በ1971 ደግሞ ምንም ሳይቈረጥለት ፊደሉ ተለወጠና ወደ ቀለለው ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከፊልሙ አንዲት ሥዕል አልተነካችም፤ የተለወጠው የለካው ዐይን ነው። (ፊልሙ ለተናቁ ሰዎች የሚያሳዝን ልብ እንዳለው ብዙ አስተዋዮች ይመሰክራሉ፤ እኔ እዚህ የማነሣው ስለ መለኪያው ነው።) በ1984 ደግሞ ለልጆች ይሆናል በተባሉ ሁለት ፊልሞች ጭካኔ ወላጆች ስለ ተቈጡ በመካከል አንድ አዲስ ደረጃ ተጨመረ። ሰውየው ሲያድግ ልብሱን እንደሚያሰፉለት ሁሉ መለኪያውም እንዲሁ ይሰፋል።

ስለ እርቃንና ስለ ስድብ ብዙ መምህራን ጽፈዋል፥ የጻፉትም እውነት ነው። እኔ ግን በዚህ ትምህርት ይልቁን ስለ ሳቅ ልናገር እወዳለሁ። ሰው ሳይወድ ሊያይ ይችላል፥ ሳይወድም ሊሰማ ይችላል፤ በሚስቅበት ነገር ግን ልቡ አዎን ብሏል። ሳቅ ሳይመከርበት የሚወጣ ፍርድ ነው።

በአገራችን አዝማሪ በማሲንቆው እየዘፈነ ስስታሙን ጌታ በሰምና ወርቅ ሲወጋው፥ ጌታውም የተወጋው በሦስተኛው ቀን ሲገባው፥ አዳራሹ ይስቅ ነበር። ያ ቀልድ ስለት ነበረው፤ ነገር ግን ስለቱ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ወደ ኀይለኛው ነበር። አዝማሪው ራሱ ግን ይናቅ እንደ ነበረ አንርሳ፤ የሚያስቀንን ሰው መናቅ አሮጌ ልማዳችን ነው።

እስኪ ደግሞ ይህን በልብህ ሣል። ቤተ ሰብ ራቱን በልቶ ተቀምጧል፥ በቴሌቪዥኑም ቀልድ ይታያል። ከገጠር የመጣች ገረድ ሆና የምትጫወተው ልጅ በአገርዋ አነጋገር ትናገራለች፥ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስሙን ታሳስታለች፥ እመቤቲቱ ትጮኽባታለች፥ ቤተ ሰቡም በሳቅ ይፈነዳል። በዚያ ሰዓት ቡናውን ይዛ በበሩ የቆመችው ልጅ ከዚያው አገር የመጣች ናት፥ አነጋገርዋም ያው ነው። እርስዋም ከጌቶችዋ ጋር በከንፈርዋ ትስቃለች፤ ባትስቅ ምን ሆነሽ ነው? ትባላለችና። በማግሥቱ ለልጆቹ ውሃ አምጡ ለማለት ቃሉን በአገርዋ ድምፅ ስትናገረው ትንሹ ልጅ በትናንቱ ተጫዋች ድምፅ ይመልስላታል። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት ትጀምራለች።

በዚያ ትዕይንት ውስጥ እርቃን የለም፥ ስድብ የለም፥ ደም የለም። ጆሴፍ ብሪን በማኅተሙ ያሳልፈው ነበር። ፊደል የሚሰጡትም ለሁሉ ይሁን ይሉታል። የቤቱም አባት ልጆቹን ከክፉ ፊልም እንደ ጠበቀ አድርጎ በሰላም ይተኛል። አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ሌሊት በዚያ ቤት አንዳች ነገር አልጠፋምን? ሐቲ ማክዳንኤልን ወደ ግድግዳው ያስጠጋት ሕዝብ እርስዋ የአገልጋይ ልብስ ለብሳ ስትጫወት እያየ ይስቅ የነበረ ሕዝብ ነው፤ ሳቁና ጠረጴዛው የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም።

መምህራን ብዙ ጊዜ፦ እናትህ ከአጠገብህ ብትቀመጥ ይህን ታየው ነበርን? ብለህ ራስህን ጠይቅ ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፥ ኀፍረትን ይቀሰቅሳል። ነገር ግን ብዙ ቤት እናትም አብራ የምትስቅበት ነገር ስላለ አይበቃም። ስለዚህ ሌላ ሰው ከአጠገብህ አስቀምጥ፤ የሚሳቅበትን ሰው ራሱን። ስለ አንካሳ የሚቀለድ ከሆነ አንካሳውን፥ ስለ መንተባተብ ከሆነ የሚንተባተበውን የክፍል ጓደኛህን፥ ገላዋ ለገበያ የወጣች ልጅ የምትታይ ከሆነ አባትዋን ወይም ወንድምዋን። እነርሱ ከጐንህ ተቀምጠው ሳለ ሳቅህ በአፍህ ቢቀር፥ ዐይንህም መሬት ቢፈልግ፥ የሌሉበት ጊዜ ምን ይለውጠዋል?

ጨዋታ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። የደከመ ሰው ሊስቅ ይገባዋል፤ ጥሩ ታሪክ የማያውቁትን ሰው ኀዘን በልብ ያስገባል፥ ይህም ትንሽ ጸጋ አይደለም። ጨዋታን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚኰንን መምህር ተማሪውን መለየት አያስተምረውም፤ ተማሪውም አንድ ቀን ሁሉን አንድ አድርጎ ይቀበለዋል።

አሁን ስለ ዘመናችን ነገር እንናገር። በሄይስና በብሪን ዘመን በፊልሙና በተመልካቹ መካከል አንድ ሰው ይቆም ነበር፤ ቢያጠፋም ቢያለማም ሰው ነበር። ዛሬ በኪስህ ባለው ስልክ በአንተና በትዕይንቱ መካከል የሚቆም መርማሪ እጅግ ጥቂት ነው። በቦታው የቆመው ቈጣሪ መሣሪያ ነው። እንደ ቲክቶክ ያሉት ማሳያዎች በየትኛው ሥዕል ላይ ምን ያህል እንደ ቆየህ፥ የትኛውን እስከ ፍጻሜው እንዳየህ፥ የትኛውንስ ለወዳጅ እንደ ላክህ ይቈጥራሉ፤ ከዚያም የሚመስለውን ያመጡልሃል። ወደድሁት ብለህ መናገር አያስፈልግህም፤ መቆየትህ ይበቃል። ተጸይፈህ ብትቆይም ቆየህ ተብሎ ይጻፋል። ደግሞም አንተና መሰሎችህ የቆያችሁበት ለማታውቀው ሰው ይቀርብለታል፤ የሚሠሩትም ሰዎች ብዙ ዐይን የቆየበትን አይተው የሚቀጥለውን ያንኑ አስመስለው ይሠራሉ። እንግዲህ በ1934 በቤቱ በመቀመጡ ሕጉን ያስነሣው የፊላዴልፊያ ምእመን የነበረው ሥልጣን ዛሬ በአውራ ጣትህ ላይ አለ። ልዩነቱ እርሱ ከሺህ ሰው ጋር ቃል ኪዳን ፈርሞ ነበር፤ አንተ ግን በሌሊት፥ በብርድ ልብስ ውስጥ፥ ማንም ሳያይህ ትፈርማለህ።

በዚህ ላይ ከዕውቀት የሚመጣ አንድ ሰበብ አለ፤ በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኔ ጽኑ ነኝ፥ የማየው ለማወቅ ነው፥ ልቤን አይነካውም ይላሉ። (መርማሪውም እንዲህ ይል ነበር፤ ሌላው እንዳያየው የሚቈርጠውን ሁሉ እርሱ አስቀድሞ ያያልና፤ ለመርማሪው ልብ ግን ሕግ የጻፈለት የለም።) ለእንዲህ ያለው ተማሪ የሌላ ተማሪ ታሪክ ልንገረው።

በአራተኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪቃ፥ ዛሬ አልጄሪያ በሚባለው አገር፥ ታጋስት ከምትባል ከተማ አሊጲዮስ የሚባል ጐልማሳ ሕግ ሊማር ወደ ሮማ ሄደ። ታሪኩን የጻፈልን የአገሩ ልጅና ወዳጁ አውግስጢኖስ ነው፥ «ኑዛዜ» በሚባለው መጽሐፉ። በሮማ በዚያን ጊዜ ሰዎች በሰይፍ ሲገዳደሉ ማየት የሕዝብ ጨዋታ ነበር፤ በሕግ የተፈቀደ፥ በመንግሥት ገንዘብም የሚዘጋጅ፥ ሰው ሁሉ የሚያየው። አሊጲዮስ ግን ይህን ነገር ይጸየፈው ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ ከምሳ ሲመለሱ አገኙትና እየሳቁ እየጐተቱ ወሰዱት። እርሱም ሥጋዬን ብትወስዱት ልቤንና ዐይኔን አትወስዱትም፥ በዚያ ሆኜ በዚያ አልገኝም አላቸው። ገብቶም ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ።

ጆሮውን ግን አልደፈነም። ከተፋላሚዎቹ አንዱ በወደቀ ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። አሊጲዮስ ምን ሆነ? ብሎ፥ ምንም ቢሆን አይቼ እንቀዋለሁ ብሎ፥ ዐይኑን ገለጠ። አውግስጢኖስ እንደሚለው በዚያ ሰዓት የወደቀው ሰው በሥጋው ከተቀበለው ቍስል ይልቅ የተመልካቹ የነፍስ ቍስል የከፋ ነበር። ደሙን እንዳየ ጭካኔውን እንደ መጠጥ ጠጣው፤ ፊቱን አልመለሰም፤ የመጣው ሰውዬ መሆኑ ቀርቶ ከሕዝቡ አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከጐተቱት ጓደኞቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ ቀድሞ፥ ሌሎችንም እየጐተተ ይመጣ ጀመር።

ተማሪ ሆይ፤ አሊጲዮስ ሰነፍ እንዳልነበረ ልብ በል። ሕግ አዋቂ ነበር፥ ጉቦ የማይቀበል ዳኛ አማካሪም እንደ ሆነ ያው መጽሐፍ ይመሰክርለታል። የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የተማመነበት የገዛ ጽናቱ ነበር። የተሸነፈውም በዐይኑ በኩል አይደለም፥ አስቀድሞ በጆሮው በኩል ነው፤ ይኸውም በሌሎች ሰዎች ጩኸት። ያ ጩኸት ዛሬ በቍጥር ሆኖ በየሥዕሉ ሥር ተጽፎ ታየዋለህ፤ ይህን ያህል ሺህ ሰው አየው፥ ይህን ያህል ሺህ ሰው ወደደው ይልሃል።

ምናልባት ይህን ስታነብ፥ ለእኔ ጊዜው አልፏል፥ ዐይኔ ለምዶታል ትል ይሆናል። አሊጲዮስም ለብዙ ጊዜ ለምዶት ኖረ፤ የተመለሰው ዘግይቶ እንደ ሆነ ወዳጁ ሳይሸሽግ ጽፎታል። በ387 በፋሲካ ሌሊት በሚላኖ ከተማ ከአውግስጢኖስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ የታጋስት ጳጳስ ሆነ፥ በዚያም ሹመት ብዙ ዘመን አገለገለ።